ድምፅ በሌላቸው የተገኘ ድምፅ

እ.ኤ.አ. 1994 ሲጀመር የካሊፎርኒያው ሪፐብሊካን አገረ ገዥ ፒት ዊልሰን ዳግም ይመረጣሉ የሚል ሰው ጥቂት ነበር። ቀዝቃዛው ጦርነት በማብቃቱ የጦር አውሮፕላን ፋብሪካዎች ሠራተኛ እየቀነሱ ነው፤ ሥራ አጥነቱ ከአገሪቱ አማካይ በላይ ነው፤ ዊልሰን ራሳቸው ግብር ጨምረዋል። ተፎካካሪያቸው ዴሞክራቷ ካትሊን ብራውን በሕዝብ አስተያየት በሰፊው ይመሩ ነበር። በኖቬምበር ግን ዊልሰን 55 በመቶ ድምፅ አግኝተው አሸነፉ።

በመካከሉ አንድ የዊልሰን የቴሌቪዥን ማስታወቂያ አለ። ጥቁርና ነጭ፣ ድብዝዝ ያለ ምስል፤ በሜክሲኮ ድንበር ላይ ባለው የሳን ይሲድሮ ኬላ ሰዎች በመኪኖች መካከል እየተሹለኮሉ ይሮጣሉ፤ ተራኪው «አሁንም እየመጡ ነው» ይላል። ምስሉ ውሸት አልነበረም፤ ሰዎቹ በእርግጥ ይሮጡ ነበር። ነገር ግን የመከላከያ በጀት ቅነሳ ፊት የለውም፣ በካሜራ አይቀረጽም። የሚሮጥ ሰው ይቀረጻል። «ሥራዬ የት ገባ?» ብሎ ለጠየቀ መራጭ የተሰጠው መልስ ያ ምስል ነበር።

ዊልሰን የደገፉት «ፕሮፖዚሽን 187» የተባለ የሕዝበ ውሳኔ ሐሳብ በዚያው ቀን 59 በመቶ ድምፅ አግኝቶ አለፈ። ሰነድ አልባ ስደተኞችን ከመንግሥት ትምህርት ቤትና ድንገተኛ ካልሆነ ሕክምና የሚከለክል፣ መምህሩንና ሐኪሙን ጠቋሚ የሚያደርግ ሕግ ነበር። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን ሰነድ አልባ ልጆች ከትምህርት ገበታ እንዳይባረሩ ገና በ1982 ወስኖ ነበር። ሕጉ ወዲያው በፍርድ ቤት ታገደ፤ ዋና ዋና ድንጋጌዎቹ አንድም ቀን ሥራ ላይ አልዋሉም። ለቅስቀሳ ግን ሕጉ መጽናቱ አያስፈልግም፤ እስከ ምርጫው ቀን መቆየቱ ይበቃል።

ሰነድ የሌለው ሰው ድምፅ ስለማይሰጥ እሱን ማስቀየም በዚያ ቀን ምንም አያስከፍልም። ሒሳቡ የዘነጋው ቤተሰብን ነው። በአንድ ጣሪያ ሥር ወረቀት የሌላት እናት፣ ግሪን ካርድ ያለው አጎት፣ እዚያው የተወለደ ልጅ ይኖራሉ፤ በ1994 አሥር ዓመት የሞላው ልጅ በ2002 ይመርጣል። በ1996 የወጣ የፌዴራል ሕግ ደግሞ ብዙ የግሪን ካርድ ባለቤቶችን ከመንግሥት ድጎማ አስወጣ። በዚያ ዓመት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው የአሜሪካ ዜግነት ወሰደ። ሁሉም በቁጣ አይደለም፤ በ1986 ለሰነድ አልባ ስደተኞች የተሰጠው ምሕረት ተጠቃሚዎች ዜግነት የሚጠይቁበት ጊዜም ደርሶ ነበር። የሜክሲኮ ስደተኞች ልጅ የሆኑት ኢንጂነሩ አሌክስ ፓዲያ ወደ ፖለቲካ ያስገባኝ የ187 ዘመቻ ነው ይላሉ፤ በ2021 ሴናተር ሆነዋል። ከ2006 ወዲህ በካሊፎርኒያ በመላ ግዛቱ በሚደረግ ምርጫ ያሸነፈ ሪፐብሊካን የለም። ሁሉንም በ187 ማሳበብ ግን ይከብደኛል፤ የግዛቱ ሕዝብ ስብጥር ያለ እሱም እየተለወጠ ነበር።

ዴሞክራቶች ከዚህ የወሰዱት ትምህርት የስደተኛ ልጅ ሁልጊዜ የእኛ ነው የሚል ነበር፤ እሱም አልሠራም። በቴክሳስ ድንበር ላይ ያለችው ስታር ካውንቲ ነዋሪዋ ከሞላ ጎደል ሁሉም ላቲኖ ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ለፕሬዚዳንትነት ሪፐብሊካን መርጣ አታውቅም ነበር፤ በ2024 ትራምፕን መረጠች። የኑሮ ውድነቱ አለ፤ የድንበር ጠባቂነት ደግሞ በዚያ አካባቢ ደህና ደመወዝ ያለው እንጀራ ነው። ቤተሰቡ ከድንበሩ በዚህ በኩል ትውልዶችን ያስቆጠረ መራጭ በማስታወቂያ የሚሮጠውን ሰው ሲያይ ወንድሙን ላያይ ይችላል፤ ብዙ ጊዜ የሚያየው ድንበሩን ነው።