ግፊቱ ተለካ፤ ከዚያስ?

የደም ግፊት ምልክት ሳያሳይ ለዓመታት ስለሚቆይ አንድ ቀን ለክቶ ማለፍ ብዙም አይጠቅምም። ያንኑ ሰው ደጋግሞ መለካትና ቁጥሩን ከቀድሞው ጋር ማስተያየት ያስፈልጋል። ለዚህ የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታሎች ይመቻሉ፤ ታካሚዎቻቸው ዕድሜያቸው የገፋ፣ ለረጅም ዘመንም የሚመላለሱ ናቸው።

ግፊትን በመድኃኒት ማውረድ ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል የሚለው ክርክር ገና ባልበረደበት ዘመን፣ በዶክተር ኤድዋርድ ፍሪስ የሚመራ ቡድን በእነዚሁ ሆስፒታሎች 143 ወንዶችን አጠና። የታችኛው የግፊት ቁጥራቸው ከ115 እስከ 129 ነበር። እ.ኤ.አ. በ1967 በታተመው ውጤት፣ መድኃኒትነት የሌለው ክኒን ከዋጡት መካከል 27 ከባድ ችግሮች ሲመዘገቡ፣ እውነተኛውን ከወሰዱት መካከል የተመዘገቡት 2 ብቻ ናቸው።

ከዚያ በኋላ ሥራው የቀለለ ይመስል ነበር። ሆኖም በ1998 የወጣ ጥናት ሌላ ጉድ አሳየ። በኒው ኢንግላንድ 800 የቀድሞ ወታደሮች ለግፊታቸው በዓመት ከስድስት ጊዜ በላይ ሐኪም ዘንድ ቢቀርቡም፣ 40 በመቶ ያህሉ ግፊታቸው 160 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ነበር። መድኃኒቱ የተጠናከረው ከመቶ ቀጠሮ በሰባቱ እንኳ አይሞላም። ነርሷ ትለካለች፣ ቁጥሩ ካርዱ ላይ ይሰፍራል፣ ታካሚው ያንኑ ክኒን ይዞ ይመለሳል።

ሐኪሙ የሚያመነታበት ምክንያት አለው፤ ችኩል ልኬት ያሳስታል። ታካሚው ጀርባውን ተደግፎ፣ እግሩን መሬት አስነክቶ፣ አምስት ደቂቃ ያህል ዝም ብሎ መቀመጥ አለበት። ክንዱም በልቡ ትክክል ይረፍ። ለወፍራም ክንድ የጠበበ መጠቅለያ ቁጥሩን ያለአግባብ ከፍ ያደርገዋል።

መዝገቡ ኮምፒውተር ውስጥ ከገባ በኋላ ቁጥሩ ከፍ ያለበትን ሰው መለየት ቀለለ። በ15 ሆስፒታሎች ከ580 ሺህ በላይ ሕሙማንን የተከታተለ ጥናት እንዳሳየው፣ ግፊታቸው በቁጥጥር ሥር የዋለው በ2000 45.7 በመቶ ነበር፤ በ2010 76.3 በመቶ ደረሰ። ያው ጥናት ያልታሰበ ነገርም አወጣ፦ በብርድ ወራት ቁጥጥሩ ይላላል። ብርድ የደም ሥርን ስለሚያጠብ በአሜሪካ የጥርና የሐምሌ ልኬት እኩል አይታይም።

በ2022 የወጣ የአሜሪካ ሕግ ደግሞ ኤጀንት ኦሬንጅ ለተባለው የጫካ ቅጠል ማርገፊያ መርዝ የተጋለጡ የቬትናም ዘማቾች የደም ግፊት ከአገልግሎታቸው ጋር የተያያዘ ሕመም ተደርጎ እንዲቆጠር ደነገገ። በየቀጠሮው የተጻፈው ቁጥር ለካሳ ጥያቄም ማስረጃ ሆነ።