ዳንቴል የለበሰው ሣጥን

መርሳ ዘመድ ልጠይቅ ወርጄ ነው። ቡናው አቦል ላይ ሳለ የቤቱ እናት ጅዳ ካለች ልጃቸው ጋር በኢሞ ያወራሉ። የልጅቱ ፊት ይደርቃል፣ ድምፅዋ ይቆራረጣል፣ ከዚያ ጭርሱን ይጠፋል። «ኔትወርኩ ሄደ» አሉ እማማ። መርሳ ባለችበት በሀብሩ ወረዳ ስንትና ስንት ቤት ልጁን የሚያየው በዚህች መስኮት ብቻ ስለሆነ ነገሩ ቀላል አይደለም።

«አብሽሩ እማማ፤ የዋይፋዩ ሣጥን የታለ?» አልኳቸው።

ወደ ቡፌው አመለከቱኝ። ከሳህኖቹ ኋላ፣ መስታወቱን ተደግፎ፣ ራሳቸው የሠሩትን ነጭ ዳንቴል ለብሶ ተቀምጧል። ከቡፌው ጎን ውኃ የሞሉ ሦስት ጀሪካኖች ተደርድረዋል። ዳንቴሉን ገልጬ ሣጥኑን ብነካው ይፋጃል።

ይህ ሣጥን ከቤታችን ዕቃ ሁሉ ብዙ የሚሠራና ብዙ የሚበደል ነው። ሞደም ይባል ራውተር፣ በስልክ ሽቦ ወይም በፋይበር የመጣውን ኢንተርኔት ተቀብሎ በሬዲዮ ሞገድ ለቤቱ ያድላል። ሌት ተቀን አይተኛም። ቪዲዮ ሲቆም ግን መጀመሪያ የሚወቀሰው ቴሌ ነው፤ ሣጥኑን ዞር ብሎ የሚያይ የለም።

የስህተቱ ሥር ዋይፋይንና ኢንተርኔትን አንድ አድርጎ ማየት ነው። ኢንተርኔት አገራችን የገባው በ1989 ዓ.ም. ነው። የዋይፋይ የመጀመሪያው የቴክኒክ ደረጃ የጸደቀውም በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ፣ በሌላ አገር፣ ለሌላ ጉዳይ ነው። ኢንተርኔቱ ከከተማ እስከ ሣጥኑ ያለው መንገድ ነው፤ ዋይፋዩ ከሣጥኑ እስከ እጅዎ ያለችው አጭር መንገድ ናት። አስፋልቱ ደኅና ሆኖ የግቢው በር ቢዘጋ እንግዳ አይገባም። በስልኩ ላይ ያሉት የዋይፋይ ምልክቶች የሚናገሩትም ስለ ግቢው በር ብቻ ነው፤ ሞልተው እያሉ ኢንተርኔት ላይኖር ይችላል።

የትኛው መንገድ እንደተበላሸ መለየት ቀላል ነው። ቪዲዮው እንደቆመ በስልኩ ብሮውዘር ላይ የሣጥኑን አድራሻ ይጻፉ፤ ብዙውን ጊዜ 192.168.1.1 ነው፣ ካልሆነም ከሣጥኑ ሆድ ሥር ተጽፏል። የሣጥኑ ገጽ ቶሎ ከተከፈተ ቤትዎ ደኅና ነው፤ ያን ጊዜ 994 ይደውሉ። እሱም ከተንቀራፈፈ ችግሩ ከግድግዳዎ ውስጥ ነው። ስልኩን ይዘው ሣጥኑ አጠገብ ይቁሙ፤ ቪዲዮው ከተስተካከለ የሣጥኑ ቦታ ነው የተበላሸው።

ስለ ቦታ ደጋግሜ ብናገር አይታክተኝም። የዋይፋይ ሞገድ የብርሃን ዘመድ ነው። ኩራዝ ለኩሶ ቁምሣጥን ውስጥ የሚቆልፍ ሰው የለም፤ ሣጥኑን ግን ቡፌ ውስጥ እንከተዋለን። የመስታወት ጀርባ ብረት ተቀብቷል፤ ሞገዱን ይመልሰዋል። የብረት በርና የቆርቆሮ ግድግዳም እንደዚያው። ደረቅ የጭቃ ግድግዳ ያዳክመዋል እንጂ አያግደውም። ከሁሉ የሚገርመኝ ውኃ ነው። የተለመደው ዋይፋይ በ2.4 ጊጋኸርዝ ይሠራል፤ ማይክሮዌቭ ምድጃ በምግብ ውስጥ ያለውን ውኃ የሚያሞቀውም በዚያው አካባቢ ባለ ሞገድ ነው። የሣጥኑ ጉልበት ኢምንት ስለሆነ ጀሪካኑን አያሞቀውም፤ ጀሪካኑ ግን ሞገዱን ይጠጣዋል። ውኃ በተራ በሚመጣበት ከተማ ጀሪካን ከቤት አይጠፋም፤ በሣጥኑና በመቀመጫችን መካከል አይደርደር ነው የምለው።

ዳንቴሉ ሞገድ አይከለክልም፤ አየር ነው የሚከለክለው። ብዙዎቹ ሣጥኖች የተሠሩት እስከ 40 ዲግሪ ለሚደርስ የክፍል ሙቀት ነው። ከወልድያ በሚሞቀው በመርሳ ቀን ላይ ዳንቴል ደርቦ ማልበስ ሣጥኑን ማፈን ነው። የታፈነ ሣጥን ይደነዝዛል፣ አልፎም ራሱን አጥፍቶ ያበራል።

«ታዲያ መልእክቱ እየገባ ቪዲዮው ብቻ ለምን ይቆማል?» ይሉኛል። መልእክት አንድ ብርጭቆ ውኃ ነው፤ ቪዲዮ የማይዘጋ ቧንቧ። ዩቲዩብ ወደ ፊት ያለውን ቀድሞ ሮቶ ውስጥ ያጠራቅማል፤ መስመሩ ለጥቂት ሰከንድ ቢቋረጥ ከሮቶው ይቀዳል፣ ሮቶው ሲደርቅ ያቺ ክብ መዞር ትጀምራለች። ጥራቱን ወደ 480 ዝቅ ካደረጉት በሰከንድ 1 ሜጋቢት ገደማ ይበቃዋል። በቀጥታ የሚተላለፍ የኢሞ ጥሪ ግን ይህን ያህል ሮቶ የለውም። ትንሿ መደናቀፍ ወዲያው ፊት ታደርቃለች።

ወልድያ ላይ አንድ አስተማሪ ጎረቤቴ «ረቡዕና ቅዳሜ ጧት ይቋረጣል፣ ሌላ ቀን ሰላም ነው» አለኝ። ቀኑን አስበን አስበን ደረስንበት፤ እንጀራ የሚጋገርበት ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3 ኪሎ ዋትና ከዚያ በላይ ይስባል። ምጣዱ ሲበራ አምፖሉ ይደበዝዛል፣ ያረጀው የሣጥኑ አዳፕተርም ይደክምና ሣጥኑ እንደ አዲስ ይነሣል። ቮልቱ ልክ አንድ ዓይነት፣ አምፔሩ የማያንስ አዲስ አዳፕተር ገዛ፤ ቅዳሜው ሰላም ሆነ።

የሚያስቆጣኝም አለ። ፋይበር መስታወት ነው፤ ሚስማር ላይ ጠምዝዘው አይስቀሉት። ሲታጠፍ ብርሃኑ ያመልጣል፣ ሣጥኑም ቀይ መብራት ያበራል። ያ ቀይ መብራት በርቶ እያለ ማጥፋትና ማብራት ብዙ ጊዜ አይፈይድም። በየሰዓቱ እያጠፉ ማብራትም ሕመሙን ይደብቃል እንጂ አያድንም። ከማጥፋትዎ በፊት የትኛው መብራት እንደጠፋ ይዩ፤ ሣጥኑ የሚናገርበት ቋንቋ እሱ ብቻ ነው።

እማማ ቤት ሣጥኑን ከቡፌው አውጥተን፣ ሽቦው እስከሚደርስበት፣ ደረት ከፍታ ያለው መደርደሪያ ላይ አስቀመጥነው። ጀሪካኖቹ ወደ ጓዳ ገቡ። ዳንቴሉን ግን እማማ አልጣሉትም፤ አጥፈው ከሥሩ አነጠፉለት። በረካው ሲቀዳ ልጅቱ እንደገና ደወለች። ስታወራ ቆይታ ድንገት ወደ ስልኩ ጠጋ አለች።

«እምዬ፣ ዳንቴሉን ማን አወረደው?»