ማስቶዶን ለጀማሪ፣ ከነወጉ

ኤክስ ላይ፣ በቀድሞ ስሙ ትዊተር፣ በነጻ አካውንት የሚጽፍ ሰው ለአንድ ፖስት 280 ቦታ ይሰጠዋል። ቆጠራው ግን የላቲኑን ፊደል እንደ አንድ፣ የግዕዙን ፊደል እንደ ሁለት ይይዛል። ስለዚህ በአማርኛ የሚጽፍ ሰው ድርሻው ከ140 ፊደል ብዙም አይርቅም። ቃል ያሳጥራል፣ ነጥብ ይጥላል፣ «ምክንያቱም» ብሎ ሊጀምር ሲል ቦታው ያልቅበታል። ኤክስን የሚመስል ማኅበራዊ መድረክ በሆነው ማስቶዶን ላይ ሁሉም ፊደል እኩል አንድ ነው፤ ወሰኑም በአብዛኞቹ ሰርቨሮች 500 ነው። በ500 ፊደል አንድ ሐሳብ ከነምክንያቱ ይጻፋል። ለአማርኛ ጸሐፊ ይህ ብቻውን ማስቶዶንን ለመሞከር በቂ ምክንያት ይመስለኛል።

ማስቶዶንን የሠራው ጀርመን አገር የሚኖረው ፕሮግራመር ኦይገን ሮችኮ ነው፤ ለሕዝብ የቀረበውም እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2016 ነው። ኮዱ ክፍት ስለሆነ የፈለገ ሰው ወስዶ የራሱን ሰርቨር ማቋቋም ይችላል። ብዙዎችም አቋቁመዋል፦ ዩኒቨርሲቲዎች፣ ማኅበራት፣ የአውሮፓ ኮሚሽን፣ በ2023 ለሙከራ ብሎ ቢቢሲ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ወጪውን ከኪሳቸውና ከተጠቃሚዎቻቸው መዋጮ የሚሸፍኑ ግለሰቦች። ሰርቨሮቹ ባለቤታቸው ቢለያይም እርስ በርስ ይገናኛሉ፤ ከኢትዮ ቴሌኮም ሲም ወደ ሳፋሪኮም ሲም እንደሚደወለው ማለት ነው። ይህን የሚያስችለው አክቲቪቲፐብ የተባለው የጋራ መግባቢያ ሲሆን ከ2018 ጀምሮ የድር ደረጃ አውጪው ተቋም ያጸደቀው ነው። የሜታው ትሬድስ እንኳ በከፊል ተቀብሎታል። ኢላን መስክ በኦክቶበር 2022 ትዊተርን ሲገዛ ሚሊዮኖች በጥቂት ሳምንታት ወደ ማስቶዶን ጎረፉ። የተመለሰው ተመልሶ፣ የቀረው የዛሬው ማኅበረሰብ አካል ሆኗል።

ጀማሪን መጀመሪያ የሚያደናግረው «የትኛው ሰርቨር?» የሚለው ጥያቄ ነው። የማስቶዶን ድርጅት ራሱ የሚያስተዳድረው ትልቁ ሰርቨር አለ፤ ምርጫው ከበዛብዎ እዚያ መጀመር ምንም ጉዳት የለውም። ሌላ ከመረጡ ግን ደንቡን ያንብቡ። በማስቶዶን ይፋዊ ዝርዝር ላይ የሚገቡ ሰርቨሮች ዘረኝነትን ለመቆጣጠር፣ በየቀኑ መጠባበቂያ ቅጂ ለመያዝ፣ የሚዘጉ ከሆነም ቢያንስ ከ3 ወር በፊት ለማስታወቅ ቃል ይገባሉ። ደንቡ ለይስሙላ የተጻፈ አይደለም። ጋብ የተባለው የቀኝ ጽንፈኞች መድረክ በ2019 የማስቶዶንን ኮድ ወስዶ ሲመጣ፣ በርካታ ሰርቨሮች ከእሱ ጋር ያለውን መስመር በሙሉ ቆርጠዋል። ማንም ከላይ አላዘዛቸውም። አስተዳዳሪዎቹ፣ አብዛኞቹ ያለ ደመወዝ የሚሠሩ፣ ሰዎቻችንን ለስድብ አናጋልጥም ብለው የወሰኑት ነው።

አካውንት ሲከፈት የተጠቃሚ ስሙ በላቲን ፊደል መሆን አለበት፤ ሰው የሚያየው የመጠሪያ ስም ግን በፊደላችን ይጻፋል። ፕሮፋይሉን ባዶ አይተዉት። ማስቶዶን ላይ ብዙ ሰው ፎሎው ያደረገውን ሰው ፕሮፋይል ከፍቶ ያያል፤ ፎቶም፣ መግለጫም፣ አንድ ፖስትም ከሌለው ሮቦት ነው ብሎ ይተወዋል። ሁለት ዐረፍተ ነገር ይበቃል፦ ምን እንደሚወዱ፣ በምን ቋንቋ እንደሚጽፉ። ቀጥሎ ራስዎን የሚያስተዋውቅ አንድ ፖስት ጽፈው ፕሮፋይልዎ አናት ላይ ይሰኩት።

ከዚያ ገጹ ዝም ይላል። አዲስ ሰው ተስፋ ቆርጦ የሚወጣው እዚህ ላይ ነው። ቲክቶክም ሆነ ፌስቡክ ገና ሲከፈት የሚያዩትን ነገር መርጦ ያቀርባል፤ የማስቶዶን ዋና ገጽ ግን እርስዎ ራስዎ ከመረጡት ሰውና ሃሽታግ፣ የመረጡት ሰውም ካጋራው ውጭ ምንም አያመጣም። የሚያሳየውም በሰዓት ቅደም ተከተል፣ የቅርቡን ከላይ አድርጎ ነው። ማስታወቂያ የለም። እንዲያናድድዎ ታስቦ የተመረጠም የለም። ስለዚህ መጀመሪያ ሃያ፣ ሠላሳ ሰው ፈልጎ መከተል የራስዎ ሥራ ነው። ሰው የሚገኘው በዋናነት በሃሽታግ ነው፤ ምክንያቱም የአንድ ሰው ፖስት በቃል ፍለጋ የሚወጣው ባለቤቱ ፈቅዶ ሲያበራው ብቻ ነው። ሃሽታግን እንደ ሰው ፎሎው ማድረግም ይቻላል።

ስለ ሃሽታግ አንድ እኛን የሚመለከት ነገር አለ። በእንግሊዝኛ የሚጽፉ ሰዎች ሁለት ሦስት ቃል ሲያገጣጥሙ የእያንዳንዱን ቃል መነሻ በትልቅ ፊደል ያደርጋሉ፤ ዓይነ ስውራን የሚጠቀሙበት የስክሪን ንባብ ሶፍትዌር ቃላቱን ለይቶ እንዲያነብ ነው። የግዕዝ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም። ስለዚህ በቃላቱ መካከል የሥር መስመር ማስገባት ነው፦ #የቡና_ዋጋ። ለሚሰማውም ለሚያነበውም ይቀላል።

እንደዚሁ ፖስት ሲጽፉ ቋንቋ መምረጫ አለ። አማርኛን ይምረጡ። ብዙዎች ይዘሉታል፤ ግን አማርኛ የማይችሉ ሰዎች የሕዝቡን ገጽ በቋንቋ የሚያጣሩት፣ የሚችሉትም የሚያገኙን በዚህ ምልክት ነው። እንግሊዝኛ ተብሎ የተለጠፈ አማርኛ ለሁለቱም ወገን ጣጣ ነው።

አሁን ወደ ፎቶው ልምጣ፤ ማስቶዶን ላይ በጣም የምወደው ልማድ ያለው እዚህ ነው። በእኛ አገር ደብዳቤና ማስታወቂያ በፎቶ ማሰራጨት የተለመደ ነው። አንድ ሰው የወረዳውን ማስታወቂያ በስልኩ አንስቶ «ሁላችሁም አንብቡት» ብሎ ለጠፈ እንበል። ማየት ለተሳነው ሰው ስልኩ የሚነግረው «ምስል» የሚል አንድ ቃል ብቻ ነው። ኔትዎርክ የደከመበት ሰውም ከግራጫ ሳጥን በቀር የሚያየው የለም። ማስቶዶን ላይ ለእያንዳንዱ ፎቶ መግለጫ መጻፊያ ቦታ አለ፤ እስከ 1500 ፊደል ይይዛል። እዚያ ላይ «ማስታወቂያ» ብሎ መተው ምንም አይጠቅምም። እንዲህ ቢጻፍ ግን ሥራውን ይሠራል፦ «በወረዳ ጽሕፈት ቤት በር ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ። የመታወቂያ እድሳት ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ከጠዋቱ 2፡30 እስከ 6፡30 ብቻ ይሰጣል። ሁለት ጉርድ ፎቶና የድሮውን መታወቂያ ይዞ መቅረብ ያስፈልጋል። ከግርጌው ክብ ማኅተም አለው።» ይህን መጻፍ ከሁለት ደቂቃ አይበልጥም። ማስቶዶን ላይ መግለጫ የሌለውን ፎቶ ለሌሎች የማያጋሩ ሰዎች አሉ፤ እኔም ትክክል ናቸው እላለሁ። መግለጫውን ሲጽፉ ደግሞ ፎቶውን በደንብ ያያሉ፤ ከጥግ ላይ የሰው ስልክ ቁጥር ወይም ፊርማ ካለ ያን ጊዜ ዓይን ውስጥ ይገባል።

ማጋራት ራሱ እዚህ ክብደት አለው። የኮከቧ ምልክት ማለት «ወደድኩት» ብሎ ለጸሐፊው መንገር ነው፤ ፖስቱን ወደ ተከታዮችዎ ገጽ አትወስድም። አንድ ጽሑፍ ሩቅ የሚሄደው ሰው በእጁ ሲያጋራው ነው። ዋሽንግተን ያለ ሰው ማታ የጻፈው አዲስ አበባ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ይደርስና ጠዋት ከሥር ተቀብሮ ይውላል፤ ጥሩ ጽሑፍን ጠዋት አንስቶ ደግሞ ማጋራት ለጸሐፊውም ለአንባቢውም ውለታ ነው። በአንጻሩ ከሌላ አገርና ከሌላ ዓመት የተወሰደ የግጭት ፎቶ «ዛሬ የሆነ» ተብሎ ሲዞር አሻግሮ ያሳለፈው ኮምፒውተር አይደለም። ያጋራው ሰው ነው። መቼና የት እንደተነሳ ያልታወቀን ፎቶ አለማጋራት ነው።

ከባድ ነገር ለመጻፍ የማስጠንቀቂያ ምልክቱ አለ። እሱን ሲነኩ አንድ የርእስ መስመር ይከፈታል፤ «የመኪና አደጋ፣ ፎቶ አለው» ብለው ከጻፉ የቀረው ይሸፈናል፣ የፈለገ ከፍቶ ያያል። ስለ ፊልም መጨረሻም፣ ስለ ሕመምም ያገለግላል። ሆኖም ይህ ወግ ያለአግባብ የዋለበት ጊዜ አለ። በ2022 ከትዊተር የመጡ ጥቁር ጸሐፊዎች ስለደረሰባቸው ዘረኝነት ሲጽፉ «ይህን በማስጠንቀቂያ ሸፍኑት» ተባሉ፤ ቅሬታቸውም ተገቢ ነበር። የእኔ ሚዛን ይህ ነው፦ ደምና አስከሬን የሚያሳይ ምስል ይሸፈን፤ ሰው የደረሰበትን በቃሉ ሲናገር ግን ሸፍነው ማለት ዝም በል ከማለት አይለይም። ማየት የከበደው አንባቢ ቃላትን የሚያጣራበት የራሱ ማስተካከያ አለው፤ ያንን ይጠቀም።

ምንም ምልክት የማያስተምረው አንድ ወግ ግን አለን፣ እሱም መርዶ ነው። መርዶ የሚነገረው በማለዳ፣ ዘመድ ወዳጅ ተሰብስቦ፣ ሐዘንተኛው ብቻውን እንዳይሆን ታስቦ ነው። ቤተሰብ በተበተነበት በዚህ ዘመን ወጉ ይበልጥ ይጠነክራል እንጂ አይላላም፤ ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ላለ ልጅ ለመንገር ጓደኞቹ ተጠራርተው፣ የሥራ ፈረቃው እስኪያልቅ ጠብቀው፣ ቤቱ ይሄዳሉ። ሪያድ በሰው ቤት ለምትሠራ ልጅ ደግሞ ማን አብሯት እንደሚያድር ሳይታወቅ አይነገርም። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ በአንድ «ነፍስ ይማር» ፖስት ይፈርሳል። ልጅቷ ስልኳን ትከፍታለች፣ የአባቷን ፎቶ ከሻማ ጋር ታያለች። የጻፈው ሰው ሐዘኑ እውነተኛ ሊሆን ይችላል፤ ቢሆንም ቤተሰቡ ሳይናገር መቅደም አልነበረበትም። ማስቶዶን ላይ ነገሩ ይብሳል፤ የአንድ ፖስት ቅጂ ተከታዮች ወዳሉባቸው ሌሎች ሰርቨሮች ሁሉ ይሄዳል። ሲያጠፉት የማጥፊያ ጥያቄ ወደነሱ ይላካል፣ ሁሉም ለመፈጸሙ ግን ዋስትና የለም።

ለማን እንደሚጻፍ መምረጥም ይቻላል፦ ለሁሉም፣ ለሁሉም ግን በዝምታ፣ ለተከታዮች ብቻ፣ ወይም ስማቸው ለተጠቀሰ ሰዎች ብቻ። ረጅም ጽሑፍ በተከታታይ ፖስት ሲጻፍ የመጀመሪያውን ለሁሉም አድርጎ የቀሩትን «በዝምታ» መልቀቅ ደግ ልማድ ነው፤ የሰርቨሩን የጋራ ገጽ አያጥለቀልቅም። የመጨረሻው ምርጫ የግል ደብዳቤ ይመስላል፤ እንደዚያ ግን አይደለም። የሰርቨሩ አስተዳዳሪ ሊያነበው ይችላል። በተጨማሪ ስለ ሦስተኛ ሰው እያወሩ የእሱን አድራሻ ከ@ ምልክት ጋር ከጻፉ መልእክቱ ለእሱም ይደርሰዋል። የባንክ ቁጥር፣ የፓስፖርት ፎቶ፣ የሰው ምስጢር እዚያ አይጻፍም።

የማያውቁትን ሰው ሲመልሱ በ«እርስዎ» ይጀምሩ። ከስሙ ጀርባ ያለው የሃያ ዓመት ልጅ ይሁን የሰባ ዓመት አዛውንት አይታወቅም፤ በአክብሮት የተጀመረ ክርክር ደግሞ ወደ ስድብ ለመውረድ ጊዜ ይወስድበታል። ማስቶዶን የሌላውን ፖስት ከላዩ አስተያየት ጨምሮ መልሶ መለጠፍን ለዓመታት ሆን ብሎ አልፈቀደም ነበር፤ ሰውን በአደባባይ ማዋረጃ ይሆናል ተብሎ። በ2025 ሲፈቀድም ባለቤቱ ማን ሊጠቅሰው እንደሚችል እንዲወስን ተደርጎ ነው። ከማይስማሙበት ሰው ጋር ላለመቀጠል ሚዩት ወይም ብሎክ ማድረግ ይቻላል። ዛቻና በብሔር ላይ ያነጣጠረ ስድብ ሲያዩ ግን ሪፖርት ያድርጉ፤ ሪፖርቱ ለሰርቨርዎ አስተዳዳሪ ይደርሳል። አማርኛ የማያውቅ አስተዳዳሪ ከሆነ ቃሉ ለምን ስድብ እንደሆነ በሁለት መስመር በእንግሊዝኛ ያስረዱት፤ አለበለዚያ ምን እንደተባለ ሳይገባው ይዘጋዋል።

የመረጡት ሰርቨር ካልተስማማዎ ወደ ሌላ መዛወር ይፈቀዳል። አዲስ አካውንት ከፍተው በሁለቱም በኩል ዝውውሩን ሲያረጋግጡ ተከታዮችዎ አብረው ይመጣሉ። የሚከተሏቸውንና ብሎክ ያደረጓቸውን ሰዎች ዝርዝር በፋይል አውርደው አዲሱ ላይ ይጭናሉ። የጻፏቸው ፖስቶች ግን ከድሮው ሰርቨር አይነሱም። ስለዚህ ከመዛወርዎ በፊት የፖስቶችዎንና የፎቶዎችዎን አርካይቭ ከማስተካከያው ገጽ ይጠይቁ፤ ሲዘጋጅ በኢሜይል ያስታውቅዎታል፣ በየ7 ቀኑ አንዴ መጠየቅም ይቻላል።