ሮቦት ለምን ወደ ጉድጓዱ አይወርድም?

የጋራ መኖሪያ ቤት ኮሚቴዎች ክረምት በገባ ቁጥር የሚጨቃጨቁበት ጉዳይ ያው ነው፤ ጉድጓዱ ሞልቷል፣ የመንግሥት መምጠጫ መኪና ወረፋ አይደርስም፣ የግሉ ደግሞ ናፍጣ በጨመረ ቁጥር የቢያጆውን ዋጋ ይሰቅላል። አሁን በዚህ ላይ ሰው ሠራሽ አስተውሎት (ኤአይ) መጥቶ ዋጋውን ያረክሳል፣ ጠራጊውንም ሥራ ያሳጣል የሚል ወሬ ተጨምሯል።

ዋጋውን አያረክስም። የቢያጆው ዋጋ በአብዛኛው ናፍጣው፣ በውጭ ምንዛሪ የገባው መኪና፣ እስከ ቃሊቲ ወይም ኮተቤ ማራገፊያ ያለው መንገድና እዚያ የሚጠብቀው ወረፋ ነው። ቱቦ የሚጎትተው ረዳት የሚደርሰው ትንሽ ነው፤ እሱን ብታስወጡት የሚተርፍ ነገር የለም።

ሥራ ያሳጣል የሚለውም ማሽን ስለተፈለሰፈ ብቻ ሰውን የሚተካ ከሚመስላቸው ሰዎች የመጣ ነው። ማሽኑማ አለ። በሕንድ ኬረላ ግዛት የተሠራው ባንዲኩት የተባለው ሮቦት እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ማንሆል ውስጥ እየገባ ደለል ያወጣል። ጉልበት በረከሰበት አገር ሮቦት ምን ይሠራል? እዚያ የተወደደው ደሞዝ ሳይሆን ሞት ነው። እ.ኤ.አ. የ2013ቱ የሕንድ ሕግ ሰው ያለ መከላከያ ወደ ፍሳሽ መስመር እንዳይወርድ ከለከለ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2014 ለእያንዳንዱ ሟች ቤተሰብ 1 ሚሊዮን ሩፒ እንዲከፈል አዘዘ፤ በ2023 ወደ 3 ሚሊዮን አሳደገው። የሟቹ ደሞዝ ምንም ይሁን ምን ገንዘቡ ያው ነው። ማዘጋጃ ቤቱ ሮቦቱን የሚያነጻጽረው ከዚህ ዕዳ ጋር ነው።  

የእኛው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የጉዳት ካሳን የሚያሰላው ከደሞዝ ተነስቶ ነው። ደሞዝ ሲያንስ ሞትም ይረክሳል። እሱም ቢሆን አሠሪ ላለው ነው። መምጠጫው ቀጭኑን ስቦ ሲሄድ ከታች ደርቆ የቀረውን ዝቃጭ የሚያወጡት በደላላ የመጡ ሁለት ልጆች ናቸው፤ ገመድ፣ ባልዲ፣ በር ላይ የተቆረጠ ዋጋ። ከታች ያለው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ሲበዛ አፍንጫን ያደነዝዛል፤ «ሽታው ቀነሰ» የተባለ ጊዜ ነው የሚያስፈራው። አንዱ ቢቀር ካሳ የሚጠየቅ የለም፤ በየትኛውም መሥሪያ ቤት ሪፖርት መግባቱንም እጠራጠራለሁ። ሞቱ ዜሮ ከሚያስከፍል ሰው ጋር የሚወዳደር ሮቦት የለም።

ኤአይ ቀድሞ የሚነካው ቢሮ ውስጥ ያለውን ነው። ቱቦ ውስጥ የገባ ካሜራ የቀረጸውን እያየ ስንጥቅ የሚመዘግበውን ባለሙያ ሥራ ሶፍትዌር ከወዲሁ ጀምሮታል።

በቁርጥ የተወሰነ ካሳ እኛም ጋ በቤት ባለቤቱና በባለ መኪናው ላይ ቢጣል ቢያጆው ይወደዳል፣ ዝቃጭ የሚበትን የግፊት ውሃ ማሽን ገዢ ያገኛል፣ ከልጆቹ ገሚሱ ሥራ ያጣል። የቀሩትን ልጆች ደንበኞች ደግሞ ከቃሊቲ ማጣሪያ ጋር የሚገናኘው ዋና የፍሳሽ መስመር ይወስዳቸዋል፤ ለዚያ ኤአይ አያስፈልግም።