አሮጌ መኪና፣ ባዶ ሜዳና ኮን፦ ስለ አውቶክሮስ የሚወራውና እውነቱ

ጎንደር ቁስቋም የሚኖር ሰው መኪናን የሚመዝነው በአንድ ነገር ነው፦ ዳገቱን ወጣ ወይስ አልወጣም? የእቴጌ ምንትዋብ ግቢና ቤተ ክርስቲያኑ ያሉት ከከተማው በላይ ኮረብታ ላይ ነውና መንገዱ ጉልበት ይጠይቃል። አሮጌ ዲኤክስ ወይም ቮልስ በ1ኛ ማርሽ እያቃሰተ ሲወጣ ያየ ወጣት፣ «ይሄ መኪና ውድድር ይገባል» ቢሉት መሳቁ አይቀርም። የሚያስቀው መኪናው ብቻ አይደለም፤ «ውድድር» ሲባል የሚመጣበት ሥዕልም የተሳሳተ ነው።

የምናወራው ስለ አውቶክሮስ ነው። ሰፊና ጠፍጣፋ የአስፋልት ወይም የሲሚንቶ ሜዳ ላይ የፕላስቲክ ኮን ተደርድሮ ጠመዝማዛ መንገድ ይሠራል። አንድ መኪና ይገባል፣ ሰዓት ይያዝበታል፣ ጨርሶ ይወጣል፤ ከዚያ ቀጣዩ ይገባል። አንድ ዙር ብዙ ጊዜ 1 ደቂቃ ገደማ ነው። በአሜሪካ ደንብ ኮን የጣለ ወይም ከቦታው ያስለቀቀ በእያንዳንዱ ኮን 2 ሰከንድ ይጨመርበታል፤ መንገዱን የሳተ ዙሩ አይቆጠርለትም። ሦስት አራት ዙር ተነድቶ ከሁሉ ፈጣኑ ይያዛል። እንግሊዞች በዚሁ ስም የሚጠሩት ሣርና አፈር ላይ የሚደረገውን ነው፤ እሱን ለጊዜው እንተወው።

«መኪናዬን ያጋጩብኛል»

ማን? ሜዳው ላይ ሌላ መኪና የለም። ይህ ፍርሃት የመጣው ከቴሌቪዥንና ከራሊ ነው። በእኛ ትውስታ የመኪና ውድድር ማለት አቧራ፣ ገደልና ረጅም መንገድ ነው። በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ይካሄድ የነበረው የሃይላንድ ራሊም፣ በ1953 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የምሥራቅ አፍሪካው ሳፋሪም ያስቀሩልን ሥዕል ይኸው ነው። አውቶክሮስ ከእነዚህ ይልቅ የሚቀርበው ለመንጃ ፈቃድ ፈተና ነው፤ ልዩነቱ ፈታኙ ሰዓት መሆኑ ብቻ ነው። ፍጥነቱ በአብዛኛው በ2ኛ ማርሽ ያልቃል። ተሳስቶ የዞረ ሰው የሚመታው ፕላስቲክ ነው፣ ሜዳው በደንብ እስከተመረጠ ድረስ።

«የስፖርት መኪና የሌለው አይሞክረው»

ኢትዮጵያ ውስጥ ይህን የሚል ሰው ማንንም ሳያስገባ በሩን ዘጋ ማለት ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ዋጋ ሰማይ ሰቀለው፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄዱ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከለከለ። ስለዚህ አሮጌ የስፖርት መኪና ከውጭ አስመጥቶ መጀመር ለብዙው ሰው ሕልም ነው። ያለን አገር ውስጥ ያለው ነው።

አገር ውስጥ ያለው ግን እንደሚታማው አይደለም። በ1979 እ.ኤ.አ. የወጣው ኮሮላ የኋላ ጎማው የሚነዳ፣ ቀላልና ጠባብ መኪና ነበር። በ1983 እ.ኤ.አ. ተከታዩ ሲመጣ ባለ አራት በሩ ወደ ፊት ጎማ ሲዛወር፣ ባለ ሁለት በሩ ግን የኋላውን ይዞ ቀጠለ። ያ ባለ ሁለት በር ዛሬ ኤኢ86 በሚለው ስሙ ዓለም የሚያብድለት ነው። የእኛ ሰው ሁሉንም «ዲኤክስ» ብሎ ስለሚጠራ የትኛው የትኛው እንደሆነ ከስሙ አይታወቅም፤ ጎንበስ ብሎ ማየት ነው። ከካምቢዮው ወደ ኋላ የሚሄድ ረጅም የሚሽከረከር ዘንግ ካለ የኋላ ነጂ ነው። ከሌለም አይከፋም፤ የፊት ነጂው ለጀማሪ ይቅር ባይ ነው።

የጉልበቱም ነገር ተጋንኗል። በአሜሪካ አውቶክሮስ ሜዳዎች እጅግ ከተለመዱት መኪኖች አንዱ ማዝዳ ኤምኤክስ 5 ነው፤ በ1989 እ.ኤ.አ. ሲወጣ የነበረው 116 ፈረስ ጉልበት ብቻ ነበር። ኮን ለኮን በሚጠመዘዝ መንገድ ላይ ጉልበት የሚወጣበት ቀጥታ የለም፤ ክብደት ግን እያንዳንዱ መታጠፊያ ላይ ሒሳቡን ይጠይቃል። ከ900 ኪሎ ብዙም የማይርቅ ኮሮላና 2,000 ኪሎ ገደማ የሆነ አዲስ ኤሌክትሪክ መኪና ጠባብ ኮኖች መካከል ቢገቡ፣ ትልቁ በቀጥታው ያገኘውን በመታጠፊያው ይመልሳል።

ጎንደር ላይ ደግሞ ከፍታው አለ። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር አልፋለች፤ ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። በወረቀት 60 ፈረስ የተጻፈለት ሞተር እዚህ 48 ገደማ ነው። ዳገቱ ላይ የሚያቃስተው ሁልጊዜ ስላረጀ አይደለም፤ አየሩ ሳስቶበት ነው። ተፎካካሪውም ያው ስለሚያጣ ለውድድሩ ለውጥ የለውም። ኤሌክትሪኩ ግን አያጣም፤ ለእሱ የተለየ ምድብ ማዘጋጀት ይሻላል።

ካርቡራቶር ያለው መኪና ግን ሌላ ጣጣ አለበት። መተማ ቆላ ላይ የተስተካከለ ካርቡራቶር ጎንደር ሲወጣ አየሩ ይሳሳና ቤንዚኑ ይበዛበታል። ካንዴላውን ፈትቶ ማየት ነው፤ ጫፉ ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ከለበሰ ቤንዚን በዝቷል፣ ግራጫ ወደ ቡናማ ያደላ ከሆነ ደህና ነው። እዚህ አሳንሶ ያስተካከለ ሰው ደግሞ ወደ ቆላ ሲወርድ ሞተሩ እንዳይግልበት መልሶ ያስተካክል።

«አሮጌ መኪና አይችልም» / «ዕድሜ ልኩን የነዳሁት ነው፣ ምንም አይሆንም»

ሁለቱም ይባላል፤ ሁለቱም ስህተት ነው። አሮጌ መኪና ይችላል፣ ግን ለታክሲ ወይም ለገበያ የሚበቃ አያያዝ እዚህ አይበቃም። ከመጀመሪያው ዙር በፊት መኪናውን የሚፈትሽ ሰው ሊኖር ይገባል፤ ፍተሻውም ከቀለም ጋር ጉዳይ የለውም።

ኮፈኑ ሲከፈት መጀመሪያ የሚታየው ባትሪው ነው። ስንቱ መኪና ባትሪውን በካላማዳሪ ቁራጭ አስሮ ይዞራል! ለመንገድ አስችሎት ይሆናል፤ በየሁለት ሰከንዱ ግራና ቀኝ ለሚወረወር መኪና ግን ብረት ማሰሪያ ያስፈልጋል። የቤንዚን ፔዳል ሲለቀቅ ራሱ ተመልሶ መምጣት አለበት፤ በእግር ጣት የሚመለስ ፔዳል ያለው መኪና ዕለቱን ተመልካች ነው። ጎማውን ከላይና ከታች ይዞ መወዝወዝ፤ ከተንቀጠቀጠ ኩሺኔታው ወይም የመሪ መገጣጠሚያው አልቋል። የቸርኬ ብሎኖች ይጠበቁ። ከዚያ ውስጡን ማራገፍ ነው፦ ክሪኩ፣ ትርፍ ጎማው፣ ምንጣፉ፣ መስተዋቱ ላይ የተንጠለጠለው ሁሉ፣ በተለይ ከወንበር ሥር የተረሳው የውኃ ላስቲክ። ያ ላስቲክ ተንከባሎ ፍሬን ፔዳል ሥር ከገባ ጨዋታው አበቃ።

ፍሬን ብዙ ሰው በሸራው ብቻ ይለካዋል። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፤ አዲስ ዶት 3 ዘይት ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፣ እርጥበት የጠጣው ግን እስከ 140 ሊወርድ ይችላል። ሲፈላ ውስጡ አረፋ ይፈጠራል፤ ፔዳሉ እስከ ወለል ይገባና መኪናው አይቆምም። በብርሃን ሲያዩት የሻይ መልክ የያዘ ዘይት ይቀየር፤ ወጪው ከዚህ ስፖርት ወጪዎች ትንሹ ነው። የራዲያተር ክዳንም እንደዚያው የተናቀ ነው። በጎንደር ከፍታ ክፍት ውኃ 93 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፤ የሞተሩን ውኃ ከዚያ በላይ ሳይፈላ የሚያቆየው ክዳኑ የሚይዘው ግፊት ነው። ላስቲኩ ያለቀ ክዳን፣ ወይም እንደምናየው በጨርቅ የተጠቀጠቀ፣ ያንን ግፊት አይይዝም። ቮልስ ያለው ሰው በዚህ በኩል ይመቸዋል፤ በአየር ነው የሚቀዘቅዘው።

ቮልስ ግን ሌላ ጠባይ አላት። ሞተሯ ከኋላ ነው። በጥንቶቹ ደግሞ የኋላ ጎማው ዘንግ የሚታጠፈው ካምቢዮው አጠገብ ብቻ ስለሆነ፣ ነጂው መታጠፊያው መሃል ደንግጦ ቤንዚን ሲለቅ የኋላው ብድግ ይላል፣ ጎማው ወደ ሥር ይታጠፋል፣ መኪናዋም ፊቷን ወደመጣችበት ታዞራለች። መድኃኒቱ ፍሬኑን ሳይታጠፉ በፊት መጨረስ፣ ከገቡ በኋላ ቤንዚኑን በስሱ ይዞ መውጣት ነው።

«ነፋስ ቀንስለት፣ መሬት ይይዛል»

ይህ ምክር የመጣው ከጭቃና ከአሸዋ ነው፤ እዚያ ልክ ነው። አስፋልት ላይ ነፋሱ ያነሰ ተራ ጎማ በታጠፈ ቁጥር ጎኑ ላይ ይተኛል፤ መሬት የሚነካው ጥርሱ ሳይሆን ትከሻው ይሆናል። ስለዚህ አብዛኛው ጀማሪ ከወትሮው ትንሽ ጨምሮ ይጀምራል። ልኩን የሚነግር ጠመኔ አለ። ከዙሩ በፊት በጎማው ትከሻ ላይ፣ ከጥርሱ ወደ ጎኑ የሚወርድ ወፍራም መስመር ሦስት ቦታ ይሠመራል። ሲመለስ ጠመኔው ጥርሱ ላይ ብቻ ከጠፋ ነፋሱ በዝቷል፤ ጎኑ ድረስ ወርዶ ከጠፋ አንሷል፤ ትከሻው ጫፍ ላይ ካቆመ ልክ ነው።

የጎማውን ዕድሜ ደግሞ ጎሚስታው ሳይሆን ጎማው ራሱ ይናገራል። ጎኑ ላይ የታተሙት አራት ቁጥሮች ሳምንትና ዓመት ናቸው፤ 2314 ማለት በ2014 እ.ኤ.አ. 23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ጎኑ የተሰነጣጠቀ ጎማ ለዚህ አይሆንም።

«ጎማ ካልጮኸ ፍጥነት የለም»

ጥቂት ማፏጨት ደህና ነው። ጩኸት ግን ጎማው መያዙን ትቶ መንሸራተቱን ነው የሚነግረን፤ ተመልካች ሲያጨበጭብ ሰዓቱ እየበላ ነው። ፈጣን ዙር ከውጭ ሲታይ አሰልቺ ነው። ጀማሪን የሚያዘገየው ድፍረት ማነስ አይደለም፤ ዓይኑ ነው። የሚቀጥለውን ኮን ብቻ የሚያይ ሰው ሁልጊዜ ይዘገያል፤ ከሱ ቀጥሎ ያለውን ማየት አለበት። ለዚህ ነው ሁሉም ከመንዳቱ በፊት መንገዱን በእግሩ ደጋግሞ የሚሄደው። በመኪና ወንበር ቁመት ለማየት ቁጢጥ የሚልም አለ፤ አይሳቅበት።

«ሊማሊሞን ለነዳ ሰው ይሄ ምኑ ነው?»

ከደባርቅ ወዲያ ያለውን ያንን ጣሊያን የቀደደውን ገደል ስንት ሾፌር በትዕግሥትና በማርሽ ወርዶታል፤ ሊከበር ይገባዋል። ይህን ያነሳሁት ግን አባባሉን ተከትሎ የሚመጣ ሌላ ሐሳብ ስላለ ነው፦ «መንገዱ ራሱ መወዳደሪያ ነው»። አይደለም። የቁስቋም ቁልቁለት ምዕመን የሚወጣበት፣ አህያ የሚወርድበት፣ ልጅ ኳስ የሚያባርርበት ነው፤ ኅዳር 6 ለንግሥ የሚወጣውን ሕዝብ ያየ ሰው ሌላ ማስረጃ አይፈልግም። ሌሊት ጭር ሲል ቢሆንም ያው ነው።

የሚያስፈልገው የታጠረ ጠፍጣፋ ሜዳ ነው፤ የመጋዘን ግቢ፣ የአውቶብስ ማቆሚያ፣ የትምህርት ተቋም ግቢ። በአሜሪካ በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ያሉ የአውቶክሮስ ተወዳዳሪዎች ለምሳሌ የስታዲየም መኪና ማቆሚያ ተጠቅመዋል። እዚህ ግን ከተዳፋቱ ከተማ ይልቅ ወደ አዘዞ ሜዳማው በኩል መፈለግ ይሻላል። የአሜሪካው ደንብ መንገዱ ከግንብ፣ ከምሰሶና ከመሰል ነገር ቢያንስ 25 ጫማ፣ ማለትም 8 ሜትር ገደማ እንዲርቅ ያዛል፤ ተመልካች ከዚያም በብዙ ይርቃል። ራስ ቁር ግዴታ ነው። የባለቤቱ ፈቃድ በጽሑፍ፣ የፖሊስም ዕውቅና ያስፈልጋል፤ መኪና ሰብስቦ መሯሯጥ ያለፈቃድ የሚታሰብ አይደለም። የኢንሹራንስ ውልም ይነበብ፤ የንብረት ሽፋን ብዙ ጊዜ ውድድርን ያስወጣል፣ «ልምምድ ነበር» ማለትም አያድንም።

ኮን ማግኘት ከከበደ ባዶ የፕላስቲክ ጀሪካን ይሠራል፤ ነፋስ እንዳይወስደው ብሎ ድንጋይ መሙላት ግን ክልክል ነው። በእያንዳንዱ ሥር በጠመኔ ዙሪያውን ማስመር ይገባል፤ ከመስመሩ ሙሉ በሙሉ ከወጣ ወይም ከወደቀ 2 ሰከንድ፣ መስመሩን እየነካ ከቆመ ምሕረት። ነድቶ የጨረሰ ሰው ወደ ቤቱ አይሄድም፤ የወደቀ ኮን ለማንሣት ሜዳው ዳር ይቆማል። ሰዓቱን በስልክ መያዝ ለመጀመሪያው ጊዜ ይበቃል፤ ማስነሻውንም ማቆሚያውንም የሚነካው ግን ያው አንድ ሰው ይሁን፣ የእጅ ፍጥነት ከሰው ሰው ይለያልና።

«ባጃጅስ?»

ጎንደር ላይ ይህ መጠየቁ አይቀርም። ባጃጅ ሦስት ጎማ ናት፣ ከፊት ጠባብ ናት፤ ኮን መካከል በፍጥነት ስትታጠፍ ትገለበጣለች። ከጎማ ጎማ ስፋታቸው አንጻር በጣም ረጃጅም የሆኑ ሚኒባሶችና የመስክ መኪኖችም ለዚህ አይሆኑም። የባጃጅ ሾፌር ከፈለገ ሰዓት ይያዝ፤ ወይም የጓደኛውን ዲኤክስ ይዋስ፤ በአንድ መኪና ሁለት ሰው በተራ መንዳት በየትኛውም ሜዳ የተለመደ ነው።