አምፖል ከመቀየራችሁ በፊት ይህን አንብቡ (በተለይ የወረታ–ነፋስ መውጫ መስመር ሹፌሮች)

ይህን የምጽፈው የያዝኩትን ሥራ አቁሜ ነው።

ዛሬ ጠዋት አንድ ዶልፊን ሚኒባስ “የግራ መብራቴ ይበራል ይጠፋል” ብሎ መጣ። ኮፋኖውን ከፍቼ ሳየው የአምፖሉ ሶኬት ጠቁሮ፣ ቀልጦ ከአምፖሉ እግሮች ጋር ተጣብቋል። በፒንሳ ሰብሬ ነው ያወጣሁት። ፋብሪካው የሰጠው 60/55 ዋት ወጥቶ 100/90 ዋት ገብቶበታል። ሽቦውን ተከትዬ ስሄድ ደግሞ ከባትሪው በቀጥታ የተሳበ ቀጭን የስፒከር ሽቦ አገኘሁ። ፊውዝ የለው፣ ሪሌ የለው፣ መገጣጠሚያው በፕላስተር ተጠቅልሎ ቀርቷል። ይህ መኪና ሰው ጭኖ ባሕር ዳር የሚመላለስ ነው!

“ወንድሜ፣ ይሄን ማን ሠራው?” አልኩት። “እኔው ነኝ፣ ቪዲዮ አይቼ” አለኝ። ያናደደኝ ግን ቀጥሎ ያለው ነው፦ “በቃ እንግዲህ ኤልኢዲ ግጠምልኝና ልገላገል።”

እቤት መሥራትን አልቃወምም። እጁ የሚታዘዝለት ሰው አምፖል መቀየርም፣ መብራት ማስተካከልም፣ ሪሌ ማሰርም ይችላል። የምቃወመው ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ ነው። ስለዚህ በቅደም ተከተሉ ልንገራችሁ።

1. መጀመሪያ የመብራቱን መስታወት እዩት። መስታወት እንለዋለን እንጂ የአብዛኛው መኪና ፕላስቲክ ነው፤ ፀሐይ እየበላው ቢጫ ይሆናል። ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ እዚህ ፀሐዩ ከቆላው ይልቅ ፕላስቲክ ይጎዳል። የደፈረሰ መስታወት ብርሃኑን ከማፈኑም በላይ በየአቅጣጫው ይበትነዋል። በ800፣ በ1000፣ ከዚያም በ2000 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ውኃ እያፈሰሳችሁ ፈግፍጉት፣ በፖሊሽ አንጹት፣ መጨረሻ ላይ ፀሐይ የሚከላከል ክሊር ቀቡት። ክሊሩን ከዘለላችሁት ብዙም ሳይቆይ ይመለሳል። “በጥርስ ሳሙና ይጸዳል” የሚሉትን ተዉት፤ ለጥቂት ጊዜ ያበራል እንጂ መከላከያ የለውም።

2. ቮልት ለኩ። ሞተሩ ተነስቶ፣ መብራቱ በርቶ፣ ቴስተሩን መጀመሪያ ባትሪው ላይ፣ ቀጥሎ ከአምፖሉ ጀርባ ሶኬቱ ላይ አድርጉ። ባትሪው ላይ 13.8 እያለ ሶኬቱ ላይ 12.3 ካገኛችሁ ችግሩ አምፖሉ አይደለም፤ የዛገ ኔጋቲቭ፣ የላላ ሶኬት ወይም ያረጀ ማብሪያ ነው። በሃሎጅን አምፖል ላይ ቮልቱ 10 በመቶ ሲወርድ ብርሃኑ የሚወርደው 30 በመቶ ገደማ ነው። “መብራቴ ደከመ” ብሎ ከሚመጣው ሰው ብዙው ኔጋቲቩ ሲጸዳለት “አዲስ አምፖል አስገባህልኝ እንዴ?” ይለኛል። ይህን ሳያዩ 100 ዋት ማስገባት ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው፤ ሁለቱ 55 ዋት አምፖሎች ከ9 አምፔር ትንሽ በለጥ ያለ ሲስቡ ሁለቱ 100 ዋት ከ16 በላይ ይስባሉ። የፋብሪካው ሽቦና ማብሪያ የተሠራው ለመጀመሪያው ነው።

3. ኤልኢዲ። እዚህ ላይ ቆም እንበል።

ኤልኢዲ መጥፎ አይደለም። ከፋብሪካው ለኤልኢዲ ተብሎ የተሠራ መብራት እጅግ ጥሩ ነው። የማወራው የሃሎጅን ቤት ውስጥ ስለሚሰካው የኤልኢዲ አምፖል ነው። ኤች-4 አምፖል አንስታችሁ ተመልከቱ፦ ውስጡ ሁለት ክር አለ፤ ከአጭሩ መብራት ክር ሥር ደግሞ ትንሽ የብረት ማንኪያ የመሰለ ነገር ተቀምጣለች። ብርሃኑ ወደ ታችኛው የአንጸባራቂ ግማሽ እንዳይሄድ የምትከለክለው እሷ ናት። አጭሩ መብራት ከላይ ቁርጥ ያለ መስመር የሚኖረው፣ ከፊት የሚመጣውን ሰው ዓይን የማይወጋውም በእሷ ምክንያት ነው። አንጸባራቂው የተሰላው ክሩ ያለበትን ነጥብ ይዞ ነው። ክሩ በሚሊሜትር ሲሸሽ የብርሃኑ ሥዕል ይበላሻል።

ርካሹ ኤልኢዲ ደግሞ ያንን ቀጭን ክር አውጥቶ ጠፍጣፋ ነገር ሁለት ጎኑ ላይ ይለጥፋል። ብርሃኑ የትም ይረጫል። መኪናችሁ ፊት ያለው አስፋልት ቦግ ሲል “በራልኝ!” ትላላችሁ፤ ዓይናችሁ ለቅርቡ ብርሃን ስለተስተካከለ ግን ሩቁን ይበልጥ ታጣላችሁ። ከዓለም ሳጋ ደን መታጠፊያ ላይ የሚመጣው የአይሱዙ ሹፌር ደግሞ ለጥቂት ሰከንድ ምንም አያይም። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በ3 ሰከንድ 50 ሜትር ይጓዛል። 50 ሜትር ዓይን ጨፍኖ መንዳት ማለት ነው፤ መንገዱ ዳር አህያ የሚነዳ ገበሬ አለ፣ ገበያ የምትሄድ እናት አለች።

ካርቶኑ ላይ “20,000 ሉመን” ይላል። ውሸት ነው። የሃሎጅን ኤች-4 አጭር መብራት 1,000 ሉመን ገደማ ነው፣ ረጅሙ 1,650። ጥሩ ኤልኢዲ በአንድ ዋት ከ100 እስከ 150 ሉመን ቢሰጥ ነው። 20,000 እንዲያወጣ ከ130 ዋት በላይ መብላት አለበት፤ ያንን ሙቀት የአውራ ጣት የምታክል ፋን አታወጣውም። “6,000 ኬልቪን ስለሆነ ይበልጣል” ይባላል። ኬልቪን የብርሃኑ ቀለም ነው እንጂ መጠኑ አይደለም! ቁጥሩ ሲጨምር ወደ ሰማያዊ ይሄዳል እንጂ አይደምቅም።

“ውጭ አገር ሁሉም ይጠቀማል” የሚለኝም አለ። ጀርመን እንኳ በሃሎጅን ቤት የሚገባ ኤልኢዲ የፈቀደችው በ2020 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ እሱም ተፈትኖ ያለፈው ዓይነት ብቻ፣ በስም ለተዘረዘሩ የመኪና ሞዴሎች ብቻ።

መሪያቸው ከቀኝ ወደ ግራ የዞረ መኪናዎች ጉዳይም አለ። መሪው ይዞራል፣ ዳሽቦርዱ ይቀየራል፣ የፊት መብራቱ ግን ብዙ ጊዜ የጃፓን እንደሆነ ይቀራል። ጃፓን በግራ ስለሚነዳ አጭሩ መብራት ከፍ የሚለው ወደ ግራ ነው፤ እኛ አገር ግራ ማለት ከፊት የሚመጣው ሰው ዓይን ነው። በዚያ ላይ ኤልኢዲ ሲጨመር አስቡት። እንዲህ ያለ መኪና ያላችሁ ሰዎች፣ ገንዘባችሁን በቀኝ ለሚነዳ አገር የተሠራ ሙሉ መብራት ላይ አውሉት። ከአምፖል ይልቅ ትክክለኛው ማሻሻያ እሱ ነው።

4. የጉም መብራት። ሐምሌና ነሐሴ ከደብረ ታቦር ወጥታችሁ በጋሳይ ወደ ክምር ድንጋይ ስትሄዱ ጉና ጉሙን ሲለቀው ታውቃላችሁ። ተራራው ከ4,100 ሜትር በላይ ነው፤ ጉሙ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ የሚነሳውን ሹፌር ይጠብቀዋል። ረጅም መብራት ካበራችሁ ፊታችሁ ላይ ነጠላ እንደተሰቀለ ነው፤ ብርሃኑ ተመልሶ የሚመጣው ወደ ራሳችሁ ዓይን ነው። አጭሩን አብሩ፣ ፍጥነት ቀንሱ።

“ቢጫ መብራት ጉም ይበሳል” የሚባለው ደግሞ ተደጋግሞ እውነት የመሰለ ነገር ነው። የጉም ጠብታ ውፍረቱ በአብዛኛው ከ10 እስከ 20 ሺህኛ ሚሊሜትር ነው፤ የብርሃን ሞገድ ግን ከ1 ሺህኛ ሚሊሜትር በታች ነው። ጠብታው ይህን ያህል ሲበልጠው ቢጫውንም ነጩንም እኩል ይበትነዋል። የቢጫው ጥቅም ሰማያዊውን ስለሚያስቀር ለዓይን መቅለሉ ነው፤ ስለዚህ ከሁለቱ ምረጥ ካላችሁኝ ቢጫውን እመርጣለሁ፣ ሰማያዊ የሚያጠላውን ነጭ ግን በፍጹም። የጉም መብራት ሥራው በቦታው ነው፦ ከፓራውልቱ ሥር ዝቅ ብሎ፣ ወደ ጎን ሰፍቶ፣ ከላይ ተቆርጦ። ጣሪያ ላይ የሚሰቀለው ፓውዛ የጉም መብራት አይደለም። አራቱን ፍሬቻ እያበሩ መንዳትም መፍትሔ አይደለም፤ ልትታጠፉ መሆናችሁን ማንም አያውቅላችሁም።

አሁን የሆዴን ልናገር። ዓመታዊ ምርመራው ምን ያያል? “አብራ፣ አጥፋ፣ እሺ ሂድ።” መብራቱ የት እንደሚያርፍ የሚለካ መሣሪያ በዓለም ላይ አለ፣ አንድ መኪና ለመለካት የሚፈጀው ደቂቃዎች ነው። ጭሱ ይለካል፣ ፍሬኑ ይለካል፣ ሰው የሚያሳውረው መብራት ግን ብዙ ጊዜ ከበራ ያልፋል። ትራፊኩም የሚቀጣው አንድ ዓይና የሆነውን ነው፤ ሁለቱም ዓይኑ ሰማይ የሚያየውን ማን ይጠይቀዋል? የሐሰት ቁጥር የተጻፈበት ካርቶን በጉምሩክ አልፎ ወረታና ደብረ ታቦር ሱቅ ሲደረደር ማንም አያቆመውም። የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከተከለከለበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ያሉን መኪናዎች ገና ብዙ ዓመት እንደሚነዱ ሁሉም ያውቃል። ታዲያ ለእነዚህ መብራት ደረጃ የሚያወጣው፣ የሚቆጣጠረው ማነው? አንድ ሕፃን ከተገጨ በኋላ “ብርሃን አሳወረኝ” የሚል ቃል ፋይል ውስጥ ከማስገባት በፊት ይህን መሥራት ይቻላል። እንዲሠራ እጠይቃለሁ።

ሪሌው እንዴት እንደሚታሰር ሳልነግራችሁ አልሄድም። ከባትሪው ፖዘቲቭ አጠገብ 15 አምፔር ፊውዝ፤ ከዚያ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ወደ ሪሌው 30 ቁጥር፤ ከ87 ወደ አምፖሎቹ፤ የድሮው የአጭር መብራት ሽቦ 86 ላይ፤ 85 ወደ ኔጋቲቭ። ለረጅሙም ሌላ ሪሌ። ይህ ለ12 ቮልት መኪና፣ ለፋብሪካው 55 ዋት አምፖል ነው። አይሱዙ 24 ቮልት ነው፤ አምፖሉም ሪሌውም የ24 ይሁን። የሃሎጅን አምፖል መስታወቱን በጣት አትንኩ፤ የእጅ ቅባት ዕድሜውን ያሳጥረዋል።

ምንም ብትገጥሙ ሳታስተካክሉ ከግቢ አትውጡ። ሜዳ ላይ፣ ከግድግዳ 10 ሜትር ርቃችሁ፣ የምትጭኑትን ያህል ጭናችሁ ቁሙ። የፎገራ ሩዝ የጫነ አይሱዙ ከኋላ ሲቀመጥ ከፊት ይነሳል፤ ባዶውን የተስተካከለ መብራት ስትጭኑ ዛፍ ላይ ያበራል። ከመሬት እስከ አምፖሉ መሐል ያለውን ለክታችሁ ግድግዳው ላይ ምልክት አድርጉ። የአጭሩ መብራት መስመር ከምልክቱ 10 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ማለት አለበት፤ የጉም መብራቱ ከዚያም በታች። ግድግዳው ላይ ቁርጥ ያለ መስመር ካላያችሁ፣ ብርሃኑ እንደ ዳመና ከተበተነ፣ ያ አምፖል ለመኪናችሁ አይሆንም። ስንት እንደገዛችሁት አትቁጠሩ፣ አውጡት።

ይህን መልእክት ለምታውቁት ሹፌር ሁሉ ላኩለት። ክረምቱ ሳይገባ ያንብበው።