በአትላንታ ዩኒቨርሲቲዎች የውጭ ተማሪና የክፍል ጓደኛው

እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2025 የአሜሪካ መንግሥት ከ4,000 የሚበልጡ የውጭ ተማሪዎችን ሕጋዊ የቆይታ መዝገብ ድንገት ሲዘጋ፣ ከዋና ዋናዎቹ ክሶች አንዱ የቀረበው አትላንታ ነበር። ዳኛ ቪክቶሪያ ካልቨርት የ133 ከሳሾች መዝገብ ለጊዜው እንዲመለስ አዘዙ፤ መንግሥትም በዚያው ወር እርምጃውን ቀለበሰ። ሥጋቱ ግን አልለቀቀም። «ነገ እባረር ይሆን?» የሚል ተማሪ ከክፍል ጓደኛው ጋር ልቡን ከፍቶ መጫወት ይከብደዋል።

ስለ ውጭ ተማሪና ስለ አገሬው ሰው ወዳጅነት ብዙ ተጽፏል። ኖርዌያዊው ስቬሬ ሊስጎርድ በ1955 እንግዳ ተማሪ መጀመሪያ እንደሚደሰት፣ ቀጥሎ እንደሚከፋው፣ በኋላ እንደሚለምድ አሳየ። ፈርንሃምና ቦክነር የተማሪውን ወዳጆች በሦስት ከፈሏቸው፦ ያገሩ ልጅ፣ ያገሬው ሰው፣ እንደ እሱ ባዕድ የሆነ። ኤሊዛቤት ጋራይስ በ2012 ባሳተሙት ጥናት ከአሥር ተማሪዎች አራቱ ገደማ የቅርብ አሜሪካዊ ጓደኛ አልነበራቸውም፤ የአሜሪካ ደቡብ ግን በዚህ ከኒው ዮርክ ተሽሎ ተገኘ። ጄኒ ሊ እና ቻርልስ ራይስ በ2007 ጥያቄውን ከእንግዳው ዓይን አፋርነት ወደ ተቀባዩ አድልዎ አዞሩት። ለእኔ ሚዛን የሚደፋው የእነሱ ነው።

አትላንታ ውስጥ ግቢው ራሱ ብዙ ይወስናል። በጆርጂያ ቴክ ላብና የቡድን ፕሮጀክት ተማሪውን እስከ እኩለ ሌሊት አንድ ጠረጴዛ ላይ ያቆየዋል። መሐል ከተማ ባለው ጆርጂያ ስቴት ግን ክፍል ሲያልቅ ብዙው ተማሪ ወደ ማርታ ባቡርና ወደ ሥራው ይሮጣል። ምሳ የተበላ እንደሆነም ሐበሻው «እኔ ልክፈል» ሲል አሜሪካዊው የየድርሻውን አስልቶ ያስቀምጣል፤ አዲስ መጪው ይህን እንደ መራቅ ይቆጥረዋል። በአትላንታ አካባቢ በዲካልብ ካውንቲ ያደጉ የሐበሻ ልጆች ሁለቱንም ወግ ስለሚያውቁ ጥሩ አገናኝ ይሆናሉ። የትውውቅ ሳምንት በየግቢው አለ፤ ከሰላምታ አያልፍም።

የጉዳዩን ልብ የሚያሳየኝ ጋናዊው ሳም ኦኒ ነው። በ1963 ከአትላንታ በስተደቡብ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ በምትርቀው ሜከን፣ መርሰር ዩኒቨርሲቲን የተቀላቀለ የመጀመሪያው ጥቁር ተማሪ ሆነ። አንድ ነጭ ተማሪ በፈቃዱ መኝታ ክፍል ተጋራው። በ1966 ግን ታትናል ስኩዌር ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ከደጅ መለሰው፤ የቆሙለትን ፓስተር ቶማስ ሆምስንም አሰናበተ። የአንድ ጓደኛ ቅንነት መኝታ ክፍሉን ከፈተ፤ እንደ ቤተ ክርስቲያኑ ያለ ተቋምን በር ግን ሊከፍት አልቻለም።

ስለዚህ መምህሩ የክፍል ሥራ ቡድኑን ራሱ ይመድብ፤ ዩኒቨርሲቲውም መዝገቡ ለተዘጋበት ተማሪ በፍርድ ቤት ይቁምለት። እንግዳውን ብቻ «ተግባባ» ብሎ መምከር ግማሽ ሥራ ነው።